ጥቁሩ ባቡር በፎቶ ላይ ለምን አመድ ይመስላል? ለአንድ የፎቶግራፍ ክበብ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በቃሊቲና በአቃቂ አካባቢ የምንኖር 24 አባላት ያሉን የፎቶግራፍ ክበብ ነን። ከለቡ ጣቢያ በባቡር ተነሥተን ድሬዳዋ የሚገኘውን የቀድሞውን ምድር ባቡር ሙዚየም በጋራ ፎቶ ልናነሣ አስበናል። ባለፈው ዓመት ጥቂቶቻችን ሄደን ያነሣናቸው ፎቶዎች ግን አሳዝነውናል። በአንዱ ላይ ጥቁሩ ባቡር አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በሌላው ላይ በሩ ነጭ ሆኖ ባቡሩ ከነጭራሹ አይታይም። ካሜራዎቻችን ሳይበላሹ አልቀሩም። አሁን በክበቡ ገንዘብ ጠንካራ ፍላሽና ሰፊ ሌንስ ልንገዛ ነው፤ የትኛውን ይመክሩናል? ቅዳሜ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ለመቆየት አቅደናል። ፎቶዎቹን በጥቁርና ነጭ አሳትመን ‹የምኒልክ ባቡሮች› በሚል ርእስ ኤግዚቢሽን እናዘጋጃለን። የመግቢያ ከከፈልን በኋላ ሌላ ፈቃድ ያስፈልገናል?»

ፍላሹንም ሰፊውንም ሌንስ አትግዙ። ካሜራዎቻችሁ አልተበላሹም፤ የገለጻችኋቸው ሁለት ጉድለቶችም ተቃራኒ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው።

ካሜራ ፊቱ የቆመው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። የብርሃን መለኪያው የሚሠራው የሚያየው ሁሉ ሲደማመር መካከለኛ ግራጫ ይሆናል በሚል ግምት ነው፤ ይህም ግምት ለመንገድ፣ ለሰው ፊትና ለሜዳ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። በጥቁር ቀለም፣ በጥላሸትና በዘይት የተሸፈነ አሮጌ ባቡር ምስሉን ከዳር እስከ ዳር ሲሞላው ግን ካሜራው «ጨለማ በዝቷል» ብሎ ብርሃኑን ከሚገባው በላይ ይጨምራል፤ ጥቁሩም ወደ ግራጫ ከፍ ይላል። አመድ ያላችሁት ይህን ነው። ፀሐይ የሚያበራበት ክፍት በር በምስሉ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያው መለኪያ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ ያለው ባቡር ይሰጥማል። ስለዚህ ካሜራው በሁለቱም ጊዜ የተሠራበትን ሥራ በትክክል ሠርቷል፤ የተሳሳተው ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ ለእርሱ የተወው ሰው ነው።

የልዩነቱን ስፋት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በቆርቆሮ በተከደነ የጥገና ቤት ውስጥ፣ መብራት በሌለበት ቦታ፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100 እና በኤፍ 8 አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ) ለማንሣት ሹተሩ (የብርሃን መዝጊያው) 1 ሰከንድ ያህል ክፍት መቆየት ይኖርበታል። በዚያው አፐርቸርና አይኤስኦ በሩ ላይ ያለውን ፀሐያማ ግቢ ለማንሣት ግን የአንድ ሰከንድ 1/500ኛው ያህል ይበቃል። በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት 500 እጥፍ፣ በባለሙያዎች አነጋገር 9 ስቶፕ ነው ማለት ነው (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ በእጥፍ መጨመሩ ወይም በግማሽ መቀነሱ ነው)። በጄፔግ የተቀመጠ ምስል ይህን ሁሉ ይዞ የባቡሩን የጥላ ክፍል ዝርዝር ማቆየት አይችልም። በሮው (ባልተቀነባበረ ጥሬ የምስል ፋይል) የሚያነሣ ካሜራ የተሻለ ይሸከማል፤ እርሱም ቢሆን ብርሃኑ በጥንቃቄ ከተለካ ብቻ ነው።

መፍትሔው በእጅ መወሰን ነው። ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጉ፤ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8 እና 1 ሰከንድን መነሻ አድርጋችሁ አንድ ፎቶ አንሡና ሂስቶግራሙን (ከግራ ጨለማውን፣ ከቀኝ ብርሃኑን የሚያሳየውን የካሜራውን ግራፍ) ተመልከቱ። የባቡሩ ጥቁር በሂስቶግራሙ ግራ በኩል መቀመጥ አለበት፤ ነገር ግን የግራውን ግድግዳ መደገፍ የለበትም። በአውቶማቲክ የምትሠሩ ከሆነ ባቡሩ ምስሉን ሲሞላ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባለበት ቁልፍ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ቀንሱ። በሩን በምስሉ ውስጥ የግድ ማስገባት ካለባችሁ ካሜራውን ሳታንቀሳቅሱ በሁለት ሁለት ስቶፕ የተራራቁ አምስት ፎቶዎች አንሥታችሁ በኋላ አጣምሯቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን በሩን ከጀርባችሁ ወይም ከጎናችሁ ማድረግ ነው። ከጎን የሚገባ የበር ብርሃን የብረቱን ጠርዝ፣ የሪቬቱን (የብረት ማያያዣ ምስማሩን) ራስና የቀለሙን መላላጥ አንድ በአንድ ያወጣል፤ ምንም ያህል ገንዘብ ብታወጡ ይህን የሚተካ መብራት አትገዙም።

አንድ ሰከንድ በእጅ ተይዞ አይነሣም። ስለዚህ የክበቡ ገንዘብ መዋል ያለበት ለትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ነው፤ ከስድስት እስከ ስምንት ጠንካራ ትራይፖዶች ለ24 ሰው በቂ መሆናቸውን ከዚህ በታች ባለው የአሠራር ሐሳብ ላይ ታያላችሁ። ሙዚየሙ ትራይፖድ አልፈቅድም ካለ አይኤስኦን ወደ 3200፣ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 4 ብታደርጉ በ1/125ኛ ሰከንድ በእጅ ማንሣት ትችላላችሁ። ዋጋው ግን አለ፤ ምስሉ ይሻክራል፣ ከባቡሩ አፍንጫ እስከ ጀርባው ያለውም ሁሉ በፎከስ ውስጥ አይገባም። በስልክ የምታነሡ አባላት ባቡሩ ላይ ጣታችሁን አቆይታችሁ ፎከሱን ቆልፉ፤ ከዚያም የፀሐዩን ምልክት ወደ ታች ጎትታችሁ ጥቁሩን ወደ ጥቁርነቱ መልሱ፤ ስልኩንም አንድ ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፉት።

ስለ ፍላሽ በአጭሩ ላስረዳ። ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር በርቀቱ ስኩዌር ይቀንሳል። ባቡሩን በሰያፍ ቆማችሁ ስታነሡ አፍንጫው ከእናንተ 2 ሜትር፣ ጀርባው 8 ሜትር ቢርቅ፣ ጀርባው ላይ የሚደርሰው የፍላሽ ብርሃን አፍንጫው ላይ ከሚደርሰው 16 ጊዜ ያነሰ ነው። ስለዚህ ነጭ አፍንጫና የጠፋ አካል ታገኛላችሁ። በዚህ ላይ ዘይት የነካው ብረት ብርሃኑን መልሶ ሌንሳችሁ ላይ ይወረውረዋል፤ አጠገባችሁ ሹተር ከፍቶ የቆመ ሌላ አባል ካለም ፎቶውን አበላሻችሁበት ማለት ነው። የፋብሪካ ስም የተቀረጸበት ሰሌዳ ለማንበብ መብራት ካስፈለገ ተራ የእጅ ባትሪ ውሰዱና ከሰሌዳው ጎን፣ ከጠርዙ ጋር ተጠግቶ እንዲያበራ አድርጉ፤ ፊደሎቹ ጥላ ይጥሉና ቀለማቸው የለቀቀ እንኳ ይነበባሉ።

ሰፊ ሌንስም እንደዚሁ የተሳሳተ መድኃኒት ነው። ጥቂቶቻችሁ ባለፈው ዓመት ያነሣችኋቸው ባቡሮች አፍንጫቸው ያበጠ፣ ጎናቸው የከሳ ከሆነ ምክንያቱ በሰፊ ሌንስ በጣም ተጠግታችሁ ማንሣታችሁ ነው። የዚህ መስመር ልዩ መልክ ደግሞ ጥበቱ ነው። የአሮጌው መስመር ሀዲዶች የሚራራቁት 1 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ከለቡ የምትሣፈሩበት አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ይህ ልዩነት በፎቶ ላይ የሚታየው ወደ ኋላ ሸሽታችሁ በ35 ወይም በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስታነሡ፣ በሙዚየሙ ግቢ በቆመው ፉርጎ አጠገብም አንድ ሰው ለመለኪያ ስታቆሙ ነው። ከካሜራዎቻችሁ ጋር የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ሰዓታችሁን ቀይሩ። በእኛ አገር ፀሐይ ከአድማስ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ያህል እየሄደች ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ 40 ዲግሪ ትጠጋለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ደግሞ ቀትር ላይ በድሬዳዋ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እናንተ በመረጣችሁት ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ በግቢው የቆመ ፉርጎ ጣሪያው ይነጣል፣ ጎኑና መንኮራኩሩ ግን በገዛ ጥላው ይዋጣል። ስለዚህ ከውጭ ያሉትን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ በቤት ውስጥ ያሉትን ከ3 ሰዓት በኋላ አንሡ። ፀሐይ ከፍ ስትል ከጣሪያ ቀዳዳዎችና ከመሬት የሚንጸባረቀው ብርሃን ወደ ውስጥ ስለሚገባ ረፋዱ ለጥገና ቤቱ ክፉ አይደለም። ጠዋት በ1 ሰዓት በር የሚከፈት ካልሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ለዚህም ነው የፈቃዱ ጉዳይ ከካሜራው ጉዳይ የሚቀድመው።

የመግቢያ ክፍያ የጎብኚ ፈቃድ እንጂ የፎቶግራፍ ሥራ ፈቃድ አይደለም። 24 ሰው፣ ትራይፖድና ለሕዝብ የሚቀርብ ኤግዚቢሽን ሲደመሩ ጉዳዩ ተራ ጉብኝት መሆኑ ያበቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት 14 ተማሪዎቼን ይዤ ወደ አንድ አሮጌ የኢንዱስትሪ ግቢ ሄጄ ነበር። በስልክ «ኑ፣ ችግር የለም» ተብለን ስለነበር ደብዳቤ አልያዝንም፤ በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ ግን ስለ ስልኩ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመን ተመለስን። ጥበቃው ሥራውን ነው የሠራው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ በክበቡ ማኅተም የተጻፈ ደብዳቤ ቀድማችሁ አስገቡ፤ በደብዳቤው ላይ የአባላቱን ብዛት፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ትራይፖድ እንደምትይዙ፣ ፎቶዎቹ የት እንደሚታዩና የሚሸጡ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ግለጹ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀብላችሁ ኮፒውን ይዛችሁ ሂዱ። ድሮን ያለ ልዩ የመንግሥት ፈቃድ ከቤታችሁ እንዳታወጡ፤ አንድ አባል በቦርሳው ይዞት ቢገኝ የጠቅላላው ቡድን ጉዞ ይስተጓጎላል።

አሁን ወደ ብዛታችሁ ልመለስ፤ በኔ እምነት ከብርሃን ቀጥሎ ፎቶዎቻችሁን የጎዳው እርሱ ነው። 24 ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ባቡር ሲጠጋ 24 ተመሳሳይ ፎቶዎች ይወጣሉ፤ በእያንዳንዳቸው ጠርዝ ላይም የሌላው አባል ክርን ይታያል። ለስድስት ስድስት ሰው ተከፍላችሁ አራት ቡድን ሁኑ፤ እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ቦታ 40 ደቂቃ ቆይቶ ይዘዋወር፤ ጠቅላላው ከሦስት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ቦታዎቹም በሥራ ይለያዩ፦ አንዱ ቡድን ሙሉ ባቡር፣ ሁለተኛው የጥገና መሣሪያዎችን፣ ሦስተኛው ሰሌዳና ጽሑፍን፣ አራተኛው የፉርጎዎችን ውስጥ ያንሣ። ትራይፖዱ የሚያስፈልገው በተለይ ለመጀመሪያውና ለአራተኛው ቡድን ስለሆነ ቦታው ላይ እንዲቆይ አድርጉና ሰዎቹ ይዘዋወሩ፤ ስምንት ትራይፖድ ይበቃል ያልሁት በዚህ ስሌት ነው። አብረዋችሁ የሚሆኑ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኞች ካገኛችሁ ደግሞ ካሜራችሁን አውርዳችሁ አስቀድማችሁ አዳምጧቸው። ሽመንደፈር (የቀድሞው ምድር ባቡር) ያሳደጋቸው አባቶች አንድን ማሽን ሲያሳዩ እጃቸው የት እንደሚያርፍ ማየት ለፎቶግራፍ አንሺ ትልቅ ትምህርት ነው። ፎቷቸውን ስታነሡ በፈቃዳቸው ይሁን፤ ታትሞ ይላክላቸው እንጂ በስልክ አሳይታችኋቸው አትለፉ።

በአደጋ ረገድ ሦስት ነገሮች ያሳስቡኛል። ከሁሉ የሚከፋው የሚመጣው ከሙዚየሙ ሳይሆን ከመንገዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ከሀዲዱ በላይ 25,000 ቮልት የሚያልፍበት ሽቦ ተዘርግቶበታል። ይህ ኤሌክትሪክ ሰውን ለመግደል መነካት አያስፈልገውም፤ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ትራይፖድ ወይም የራስ ፎቶ ዘንግ በጣም ሲጠጋው በአየር ላይ ዘልሎ ሊመታ ይችላል። በለቡም ሆነ በድሬዳዋ አዲስ ጣቢያ ትራይፖድ አትዘርጉ፤ ከመሣፈሪያው ወለል ወርዳችሁ ሀዲድ ላይ ፎቶ አትነሡ። አሮጌው ሀዲድ በአቃቂ ሰፈራችን መካከል ለዓመታት ባቡር ሳያልፍበት ስለቆየ ልጆቻችን ሀዲድን እንደ እግረኛ መንገድ ማየት ለምደዋል፤ ይህን ልማድ ወደ አዲሱ መስመር ይዞ የሚሄድ አባል እንዳይኖር ከጉዞው በፊት ተነጋገሩበት። ሁለተኛው በጥገና ቤቶች ወለል ላይ ሠራተኛ ከባቡሩ ሥር ሆኖ የሚጠግንበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ዓይናችሁን ካሜራ ላይ አድርጋችሁ ወደ ኋላ አትራመዱ። ሦስተኛው በቀድሞ ዘመን ሙቀት እንዳያመልጥ በሞተሮችና በቧንቧዎች ላይ ይጠቀለል የነበረው አስቤስቶስ ነው። አንድ ቧንቧ ላይ የተቀዳደደ ነጣ ያለ ሽፋን ካያችሁ አትንኩት፣ ለፎቶ ብላችሁም አቧራውን አታራግፉ፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቁርጥ ያለ ምክሬ ጉዞውን በሁለት ሳምንት አዘግይታችሁ መጀመሪያ እዚሁ ቃሊቲ ልምምድ አድርጉ የሚል ነው። ከቤታችሁ በእግር በሚደረስበት ቦታ የከባድ መኪና ጋራዦች ሞልተዋል። የተፈታ የሲኖትራክ ሞተር፣ ዘይት የጠጣ ጥቁር ወለል፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ፀሐይ የሚያበራበት ሰፊ በር አላቸው፤ ብርሃኑ ከድሬዳዋው የጥገና ቤት ብርሃን ጋር አንድ ነው። የአንዱን ጋራዥ ባለቤት አስፈቅዳችሁ እሑድ ጠዋት በስድስት ስድስት ሰው ግቡ። እያንዳንዱ አባል አንድ ጥቁር ሞተር በማኑዋል አንሥቶ፣ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ዝርዝሩም ሳይጠፋ እስኪያሳይ ድረስ ይደጋግም። ይህን ቃሊቲ ላይ ያልቻለ ሰው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ድሬዳዋ ላይ ሊችለው አይችልም፤ ቃሊቲ ላይ የቻለ ግን ድሬዳዋ ሲደርስ ስለ ካሜራው ማሰቡን ትቶ ስለ ባቡሩ ያስባል።

የቀረው ኤግዚቢሽኑ ነው። ሁሉንም በጥቁርና ነጭ አታትሙ። የአሮጌ ባቡር ታሪክ ግማሹ በቀለሙ ነው የተጻፈው፤ የላይኛው ቀለም ሲላላጥ ከሥሩ የሚታየው የቀድሞ ዘመን ቀለም፣ የዝገቱ ዓይነት፣ በእጅ መያዣው ላይ በሰው ላብ የተወለወለው ናስ ሁሉ በጥቁርና ነጭ ይጠፋሉ። ቀለሙ ትክክል እንዲወጣ በእያንዳንዱ ቦታ የመጀመሪያውን ፎቶ አንድ ነጭ ወረቀት ይዛችሁ አንሡና በኋላ ሌሎቹን በእርሱ አስተካክሉ፤ ከበር የሚገባው ሰማያዊና ከአምፖሉ የሚወጣው ቢጫ ሲደባለቁ ዓይን ያታልላሉ።

ርእሱንም እንድትቀይሩት አጥብቄ እጠይቃለሁ። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሥራውን ፈቃድ ሰጡ፤ ሀዲዱም በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ገባ፤ ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች መስመሩ ሊወጣላት ባለመቻሉ ከተማይቱ በሜዳው ላይ የተቆረቆረችውም በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1917 ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ አራት ዓመት ቀድመው በ1913 አርፈዋል፤ ባቡሩን በዋና ከተማቸው አላዩትም። ፉርጎ የሚጎትቱት የናፍጣ ሎኮሞቲቮችም ወደዚህ መስመር የገቡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ሰሌዳው ላይ የተነበበውን የፋብሪካ ስም፣ የባቡሩን ቁጥርና የድርጅቱን ስም ጻፉ። «ፍራንኮ-ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ ጅቡቲ በ1977 ነፃ ከመውጣቷ በፊት የነበረው ኩባንያ ነው፤ «ጅቡቲ-ኢትዮጵያ» የሚለው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ይህን የሚመዘግብ አንድ ሰው ካሜራ ሳይዝ ደብተር ብቻ ይዞ ከሦስተኛው ቡድን ጋር ይሂድ፤ የፎቶውን የፋይል ቁጥርም ከባቡሩ ቁጥር አጠገብ እዚያው ቆሞ ይጻፍ፣ ማታ ሆቴል ደርሶ ለማስታወስ አይሞክር።